ሙቅ ውሃ ያልነካው ዘር

ኅዳር 24

እትዬ፣

አባዬ የሰላምታውን ድርሻ ብቻ አንድ ገጽ ሊያስሞላኝ ነበር። የጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን ዘመድ፣ እርስ በርስ የማይነጋገሩትን የሁለቱን ወንድማማቾች ሰላምታ ሳይቀር ለየብቻ። እኔ አሳጥሬዋለሁ፤ ሁሉም አለ፣ ሁሉም ናፍቆሻል።

ሁለት ወር ሙሉ ሳልጽፍ መቅረቴን በአገዳ ቆረጣ ላሳብብ አስቤ ነበር። አባዬ ግን ቆረጣው በዘጠኝ ቀን እንዳለቀ ሳትነግራት እንዳትቀር ብሎ ሰበቤን አበላሸብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ የሚል ነገር እስኪገኝ እየጠበቅኩ ነበር። አልተገኘም። ስለዚህ ያለውን እጽፋለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

አዎ፣ ዘንድሮም ጉቶውን የላጨው ራሱ ነው። ወገብህን አስብ ብዬ ለመንኩት፣ ባለቤቴም ለመነችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለን። ለቀን ሠራተኛ እንስጠው ስለው ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ትምህርት እንደ አዲስ አስተማረኝ። «ጉቶ ከመሬት እኩል ካልተላጨ ቡቃያው ከአየር ላይ ነው የሚወጣው፤ ሥር የለውም፤ ነፋስ ነው የሚጥለው። ይህን የቀን ሠራተኛ ምን ገዶት!» ስድስት ቀን ጎንበስ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ላጨው። ዓይኑ ደክሟል፤ ለዚህ ሥራ ግን ዓይን አላስፈለገውም። በግራ እጁ ጉቶውን ይዳስሳል፣ በቀኙ ይመታል። ሰፈሩ «ላጩ» ያለው በከንቱ አይደለም። ገጀራውን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ማንም አይነካበትም። ራሱ በሞረድ ይስለዋል፣ ራሱ በአገዳ ቅጠል ይወለውለዋል፣ ውሃ እንኳ አያስነካውም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃውን በሦስተኛው ቀን ለቀቅን። ትልሙን ግራና ቀኝ ከፍተን አሮጌውን ሥር ቆረጥን። ዩሪያውንም በጊዜው ሰጠን። ይኸው አንድ ወር አለፈው፤ ቡቃያው ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። አንዱ ጉቶ ያወጣል፣ ጎረቤቱ ዝም ይላል። የወጣውም ቀጭን ነው። ከምርምር ጣቢያችሁ የላክሽልን ዘር እኮ ነው! በተተከለበት ዓመት ሰው መንገድ አቋርጦ መጥቶ ያየው ነበር። ከመጀመሪያው ቆረጣ በኋላ ሲያቆጠቁጥ ትንሽ ቀነሰ፤ ዓመቱ ነው ብለን አለፍነው። ዘንድሮ ግን ዓመቱ ምንም አልሆነም።

የመስክ ተቆጣጣሪው መለኪያ እንጨቱን ይዞ መጥቶ ነበር። እስከ የካቲት መጨረሻ ጉልበት ካልደረሰ ማሳው በትራክተር ይገለበጣል አለ። ከተገለበጠ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ስኳር ፋብሪካው የቦዩን ውሃ ወደ ሌላ ያዞረዋል፤ ቤቱም የፋብሪካው ነው፣ አገዳ ለሌለው ሰው አይሰጥም። አባዬ ይህን ሰምቶ «ጉልበቴ አጭር ነው፣ በእኔ ጉልበት ይለካ» ብሎ ተቆጣጣሪውን አሳቀው። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ለዘር ብለን ዳር ላይ ሳንቆርጥ ካስቀረነው አገዳ አራት አንጓ ቆርጬ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ የሰው አገዳ ስታዪ ነው የምትውዪው፤ አንድ ቀን ደግሞ የራስሽን እዪልን።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 11

(ይህን ገጽ ለአባዬ አንብብለት)

አባዬ፣ ስድስት ቀን ጎንብሰህ መዋልህን ሰምቼ ልቆጣህ ነበር፤ ግን አንተን የተቆጣ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ስለማውቅ ትቼዋለሁ። ሰላምታህ ተቆርጦም ቢሆን ደርሶኛል። ሁለቱ ወንድማማቾች አሁንም እንዳኮራረፉ ናቸው ማለት ነው? አንድ ቦይ እየተጠቀሙ! እኔ ደህና ነኝ። ሥራው ያው ነው፣ ነጭ ጋውን ለብሼ ብርጭቆ ማጠብና ማጉረምረም። ወገብህን በሞቀ ፎጣ ያዝ። መላጨቱ ይደርሳል።

(ይህ ለአንተ ብቻ ነው)

ታናሼ፣ የላክካቸው አራቱ አንጓዎች ደርሰውኛል። ውጤቱ ገና አልወጣም። እዚህ ተራ አለ፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ ማሽኑም አንዳንዴ ያስቸግራል። እስከዚያ ግን አንድ ነገር በጥብቅ አደራ እልሃለሁ፦ ክፍተቱን ከራሳችሁ ማሳ በተቆረጠ አገዳ እንዳትሞሉት። ክፍት ይቅር። አባዬ ክፍተት አይቶ እንደማይተኛ አውቃለሁ፤ አንተ እንደምንም ያዘው። ሌላው ውሃ ነው፤ ተራችሁ ሲደርስ እንዳያመልጣችሁ፤ እንዲህ ያለ ቡቃያ ከተጠማ አይነሳም።

ሌላ የምጽፈው ነበረኝ፤ ግን የፖስታ ቤቱ ሰዓት ደረሰ።

እህትህ


ጥር 2

እትዬ፣

ክፍተቱን ተዉት ያልሽው ደብዳቤ ሲደርስ እኛ ሞልተን ጨርሰን ነበር። ዳር ካስቀረነው አገዳ ቆርጠን። አባዬ እያንዳንዷን ቁራጭ በገጀራው አስተካክሎ ራሱ ተከላት። ምን ላድርግ፣ ያንቺ ደብዳቤ በሰባት ቀን ነው የሚደርሰው፤ የእሱ እጅ ደግሞ ሰባት ቀን አይጠብቅም።

ከዚያ በኋላ የላክሻት ብጣሽ ወረቀትም ደርሳኛለች። አባዬ አምና የላጫቸው ማሳዎች ዝርዝር ለምን እንዳስፈለገሽ አልገባኝም፤ መቼም ያለ ነገር አትጠይቂም ብዬ ከአባዬ ጋር ቁጭ ብለን አስታወስነው። እሱማ ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ ልጄ ሥራዬን መዝግባ ልታስቀምጥልኝ ነው አለ።

ባለፈው ዓመት፣ መጀመሪያ የላጨው ከፋብሪካው ወዲያ ማዶ ያለ የአንድ ሰውዬ ማሳ ነው። የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ ሰውዬው በአማላጅ ነው የወሰደው። ከዚያ የእኛን ላጨ። ከእኛ በቀጥታ ወደ ባልቴቷ፣ ከባልቴቷ ወደ አናጢው፣ ከአናጢው ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች፤ መጀመሪያ የታላቁን፣ ቅር እንዳይለው፣ ቀጥሎ የታናሹን። መጨረሻ ላይ የሚዛን ሠራተኛውን። በአጠቃላይ ከእኛ በኋላ አምስት ማሳ። ገጀራው በመሐል አልታጠበም ወይ ላልሽው፣ ጥያቄውን ሳነብለት ከት ብሎ ሳቀ። የታጠበ ገጀራ ይዝጋል፣ የዛገ ገጀራ ጉቶ ይሰነጥቃል፣ የተሰነጠቀ ጉቶ ደግሞ ይበሰብሳል፤ ይህን ጣቢያ ውስጥ አላስተማሯችሁም ወይ በላት አለኝ። ብያለሁ።

ቡቃያው እንዳለ ነው። አዲሱ ነገር፣ የባልቴቷም ዘንድሮ አጥሯል። የአናጢውም። የሚዛን ሠራተኛው በየቀኑ ጠዋት ማሳው ዳር ቆሞ ሲያየው አየዋለሁ፤ ሰላም ሲለኝ ዓይኑ ከቡቃያው ላይ አይነሳም። የማዶው ሰውዬ ግን አምሮለታል፣ ጉልበት አልፏል አሉ። አባዬ ለሁሉም «ተነሱ ስትላቸው ይነሳሉ፣ አገዳ እንደ ልጅ ነው፣ አንዱ ቶሎ ይሄዳል አንዱ ይዘገያል» ይላል። ሲመሽ ግን መኝታው ላይ ሆኖ ስንተኛው ትልም ላይ ምን ያህል ቡቃያ እንደወጣ ይጠይቀኛል። እኔም ጨምሬ እነግረዋለሁ።

ውጤቱስ? ከወር በላይ ሆነው እኮ። ወረፋው ለዘመድም አያጥርም?

ወንድምሽ


ጥር 12

ታናሼ፣

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ አጭር ስለሆነ አትቀየመኝ። ዛሬውኑ በረኪና ግዛ። አንዱን እጅ በረኪና በአምስት እጅ ውሃ በባልዲ በጥብጥ። ገጀራው፣ መቆፈሪያው፣ ማጭዱ፣ የአገዳ ጭማቂ የሚነካ ብረት ሁሉ አንድ ማሳ ተጨርሶ ወደ ሌላ ከመኬዱ በፊት አሥር አሥር ደቂቃ ይዘፍዘፍ። ዘንድሮ አባዬ የማንንም ማሳ እንዳይላጭ። ሽማግሌ ነው፣ ደክሞታል በል። በረኪናው ለምንድን ነው ካለህ ለዝገት ነው በለው።

ውጤቱን በሚመለከት በሌላ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። ስለ እኔ ጤና አታስብ፤ ትንሽ እንቅልፍ ነው የነሳኝ። ይቅርታ፣ ሰላምታ እንኳ ሳላቀርብ ጀመርኩ። ሁላችሁንም ሰላም በልልኝ።

እህትህ


ጥር 29

እትዬ፣

ለዝገት ነው በለው አልሽኝ። ሰውዬው ሃምሳ ዓመት ብረት ስሏል! በረኪና ብረት እንደሚያዝግ ልብስ የምታጥበው ባለቤቴም ታውቃለች። ባልዲውን ሳቀርብለት አሸተተው። «እህትህ ምን አገኘች?» አለኝ። አላውቅም አልኩት፤ እውነቴን ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ የማንንም እንዳይላጭ ያልሽው ዘግይቷል። ጥቅምት ላይ የእኛን እንደጨረሰ አምስቱንም ዞሯል። አልነገርኩሽም ነበር ለካ።

ባለፈው ሐሙስ ተቆጣጣሪው ተመልሶ መጣ። ያስቀረነውን አገዳ አንድ ቆርጦ አንጓውን በምላጭ በስሱ ላጠው። ውስጡ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ነበረው፣ በመርፌ የተወጋ የሚመስል። የባልቴቷንም ላጠ፣ ያው ነው። የአናጢውንም ያው። አባዬ ዓይኑ ስለማያይለት አንጓውን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ጣቱ ምንም አላገኘም። «ምንድን ነው?» አለ። ጉቶው መልሶ እንዳያቆጠቁጥ የሚያቀጭጭ በሽታ ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ ከታመመው ጉቶ ወደ ጤነኛው የሚሄደው በገጀራ ነው አለው። ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሲል አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ያኔ አባዬ ወደ ቤት ገባና ጆንያውን ይዞ ወጣ። ያንቺን ጆንያ። ዘሩ የመጣበትን እስከ ዛሬ አጥፎ አስቀምጦታል ለካ። ላዩ ላይ በእጅሽ «የታከመ» ብለሽ የጻፍሽውን አሳየው። «የልጄ ዘር ንጹሕ ነው» አለ። ተቆጣጣሪውም አየና፣ እንግዲያው ዘሩ ንጹሕ ከነበረ ገጀራው ነው ከሌላ ቦታ ያመጣበት፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ወሰደው አለ። አባዬ ራሱ ነው ያለፈውን ዓመት የማዶውን ሰውዬ ያነሳው። ሌላ ማንም አልጠየቀውም።

ከሰዓት በኋላ ከዘራውን አንስቶ ወጣ። ተከተልኩት፤ አልመለሰኝም። በላጨበት ቅደም ተከተል ነው የሄደው፦ ባልቴቷ፣ አናጢው፣ ታላቁ፣ ታናሹ፣ የሚዛን ሠራተኛው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ቃል ነው የተናገረው። «አገዳችሁን ያቀጨጨው የእኔ ገጀራ ነው። ሳላውቅ ነው። ይቅር በሉኝ።» ባልቴቷ ወንበር አወጣችለት፣ አልተቀመጠም። አናጢው ሰምቶ ሲጨርስ በሩን ዘጋ፤ በኃይል አይደለም፣ እንዲሁ ቀስ ብሎ። ታላቁ ወንድም «ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው በሌላ ሰው ያላስላጨሁት አባት» አለው። ታናሹ እስከ ቦዩ ድረስ ሸኘን። የሚዛን ሠራተኛው አለቀሰ። ስድስት ልጅ አለው።

አባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት አልወጣም። ቡቃያ አይጠይቀኝም። ልዋሽለት እንኳ ዕድል አልሰጠኝም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ታውቂ ነበር አይደል? ወረፋ፣ ማሽን፣ የፖስታ ቤት ሰዓት... አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ለማንም ወረፋ ጠብቀሽ አታውቂም። ለምን አልነገርሽኝም?

ወንድምሽ


የካቲት 9

ወንድሜ፣

አዎ፣ አውቅ ነበር። አንጓዎቹ በደረሱ በማግሥቱ ነው ያየሁት። ግን የማውቀው ከዚያም በፊት ነው። አሁን የምነግርህን እስከ መጨረሻው አንብበው፤ መሐል ላይ ቀድደህ አትጣለው።

የአባዬ ገጀራ ከማዶው ሰውዬ ምንም አላመጣም። አንተ ራስህ የሰውዬው አገዳ ጉልበት እንዳለፈ ጽፈህልኛል፤ ማሳው ጤነኛ ነው። በሽታው የመጣው ከእኔ ነው።

ጣቢያው ዘር ለሰው ከመስጠቱ በፊት ቁራጩን በገንዳ ውስጥ በሙቅ ውሃ ሁለት ሰዓት ያቆየዋል። ይህ በሽታ ከውጭ ስለማይታይ፣ ያለውም የሌለውም ይገባል፤ ቢኖርበት እዚያ ይሞታል። ችግሩ ውሃው ከበሽታው ጋር ቡቃያ የሚወጣበትን የአገዳውንም ዓይን ይገድላል። ከአሥሩ ሁለቱ፣ አንዳንዴም ሦስቱ አይበቅሉም። ለእናንተ ዘር ልልክ በወሰድኩ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ክምር ነበር፤ ከገንዳው የወጣና ገና ያልገባ። የወጣው ገርጥቶ፣ ዓይኑ ጠቁሮ ነበር። ያልገባው ቆዳው የሚያብለጨልጭ፣ ዓይኑ ሙሉ። አባዬ የጠቆረውን ዓይን እየዳሰሰ «ልጄ ይህን ነው የላከችልኝ?» ሲል ታየኝ። ማሳው ክፍት ክፍት ሆኖ ሰው ሲያየው፣ ሲያፍርብኝ። ክፍተት አይወድም፤ ታውቀዋለህ። ከጤነኛ ማሳ የተቆረጠ ነው፣ ምንም የለበትም ብዬ ራሴን አሳመንኩና ካልገባው ክምር ሞላሁ። ጆንያው ላይ «የታከመ» ብዬ የጻፍኩት መንገድ ላይ የሚፈትሹት እንዳይመልሱት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን አለማወቅ ነው ብዬ በተጽናናሁ። ግን ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ያ ክምር የተቆረጠበት የጣቢያው ማሳ ሲመረመር በሽታው ተገኘበት። ውጤቱን በመዝገብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባዬ ገና የእናንተን አልላጨም፣ የባልቴቷን አልነካም። አንድ ደብዳቤ በቂ ነበር። «አባዬ፣ ዘንድሮ ገጀራህን ከቤት አታውጣ» የሚል አንድ መስመር። እስክሪብቶ አንስቼ ተቀምጬ ነበር። ጣቢያው ቢሰማ ያባርረኛል ብዬ ፈራሁ፤ ግን ከዚያ ይልቅ የፈራሁት አባዬን ነው። ምናልባት የእኛ ጆንያ ውስጥ አልገባ ይሆናል አልኩና ስለ አየሩ ጽፌ ላክሁላችሁ። ከፈለግህ ፈልገህ አንብበው፤ ስለ ዝናብ ነው የሚያወራው።

አሁን ምንም የሚደረግ የለም። ጉቶው ከእንግዲህ ቢላጭም፣ ቢጠጣም፣ ቢዳበርም አይነሳም። ተቆጣጣሪው እውነቱን ነው፤ መድኃኒት የለውም። ልዋሽህ አልፈልግም፣ ለካስ መዋሸት አልቻልኩበትም።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ይህን ደብዳቤ ለአባዬ አንብብለት። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ይወቅ። አንተ ካልቻልክ እኔ እመጣለሁ፤ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ይሰጡኛል። መጥቼ እግሩ ላይ ወድቄ እነግረዋለሁ። ከዚያ አምስቱም ቤት ራሴ እሄዳለሁ።

እህትህ


መጋቢት 3

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ሲደርስ ቶሎ ያልመለስኩት ተናድጄ ነው። ተናድጄ ማለት አይገልጸውም፣ ግን ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። አሁን አልፎልኛል ልልሽ አልችልም፤ እጄ ግን መጻፍ ችሏል።

ቡቃያው የካቲት መጨረሻ ላይ ከጉልበት በታች አንድ ስንዝር ነበር፤ የተሻለው። ትራክተሩ ማክሰኞ መጣ። ስድስቱም ማሳ በሦስት ቀን ተገለበጠ፤ ጉቶው ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ተጋድሟል፣ ሰብስበው ያቃጥሉታል። ቦዩን ከላይ በኩል ዘግተውታል። ባልቴቷ ወደ ልጇ ሄደች። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ መኪና ተከራይተው ዕቃቸውን ጭነው አንድ ላይ ሄዱ፤ እየተነጋገሩ እንደሆነ አላውቅም። ለእኛ እስከ ሚያዝያ አሥር ድረስ በቤቱ እንድንቆይ ተፈቅዶልናል። እኔ ፋብሪካው ጓሮ ጭነት አውራጅ ሆኜ እገባለሁ፤ ባለቤቴ ከእህቷ ጋር ትቆያለች፤ አባዬ የት እንደሚሆን ገና አናውቅም።

ደብዳቤሽን አላነበብኩለትም። አላነብለትምም። አሰብኩበት እትዬ፣ እንደምታስቢው አይደለም። ባነብለት ጥፋቱ ከላዩ ይወርድለታል ብዬ ነበር። አይወርድለትም። አምስቱን ማሳ የዞረው የእሱ እጅ ነው፤ ዘሩ ከየትም ይምጣ፣ ያ አይፋቅለትም። ሸክሙን ሳላቀልለት አንቺን ነው የምነጥቀው። እሱ እጅ ላይ የቀረ ደህና ነገር ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ጣቢያ የምትሠራ ልጁ ናት። ጆንያውን ከራስጌው ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው።

ስለዚህ አትምጪ። ፈቃዱን መልሺላቸው። ከመጣሽ ትነግሪዋለሽ፤ ፊትሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነገር አይችልም። ይህን ስልሽ ልቀጣሽ ብዬ አይደለም። እርግጥ ትንሽ ልቀጣሽም ፈልጌ ይሆናል፣ እንግዲህ ይቅር በይኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትናንት አባዬ ጠራኝና ወረቀት አምጣ አለኝ። እሱ የተናገረውን አንድ ቃል ሳልቀንስ እገለብጥልሻለሁ።

«ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል። እኔ ያው አለሁ። ወንድምሽ ነግሮሽ እንደሆነ አላውቅም፣ የላክሽልኝን ዘር በእጄ ገድዬዋለሁ። አንቺ ደክመሽ፣ አሳክመሽ፣ ጽፈሽበት የላክሽውን ንጹሕ ዘር ከሰው ማሳ በሽታ አምጥቼ ቀባሁት። ገጀራህን እጠብ ስትዪኝም ሳቅኩብሽ። ሰፈሩን ሁሉ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ አንዳንዱ ይቅር ብሎኛል፣ አንዳንዱ አላለኝም፣ እነሱ ያውቃሉ። ያንቺ ግን ሌላ ነው። ዘሩ ያንቺ ነበር፤ በዚያ ማሳ ስምሽን አስጠርቼ ነበር። አሁን ሰው ስምሽን ከምን ጋር እንደሚያነሳው አላውቅም። ምንም አላጠፋህም ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ አጥፍቻለሁ። እንደ ልጅ አታባብዪኝ። ይቅር ብለሽኝ እንደሆነ ይቅር ብዬሃለሁ በዪኝ፤ ካላልሽኝም ንገሪኝ። አባትሽ።»

ይህን ካስጻፈኝ በኋላ ደብዳቤው በሰባት ቀን ይደርስ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ይደርሳል አልኩት። መልሱም በሰባት ቀን ይመጣል አልኩት። ከትናንት ጀምሮ ቀን እየቆጠረ ነው።

እንግዲህ እንደጠየቀሽ ጻፊለት። ሌላ ነገር አትጨምሪ። አንብቤለት ሳበቃ ወረቀቱን ከእጄ ይወስደዋል፤ ሌላ ሰው ቢያነብለትም ያው እንዲሆን አድርገሽ ጻፊው።

ወንድምሽ


መጋቢት 12

(ለአንተ)

ታናሼ፣ ፈቃዱን መልሻለሁ። የአባዬ ገጽ ከዚህ ጋር ነው። አምስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ ይህ ስድስተኛው ነው። ስታነብለት ድምፅህን አታቅጥነው። ከቻልክ ይህን የአንተን ብጣሽ አሁኑኑ አቃጥለው።

(ይህን ገጽ ለአባዬ አንብብለት)

አባዬ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። አንተም በርታ፤ ወገብህን እንዳትረሳው።

እውነትህን ነው፣ የላክሁልህ ዘር ንጹሕ ነበር። በሙቅ ውሃ አሳክሜ፣ እያንዳንዱን ዓይን እያየሁ መርጬ ነው የላክሁልህ። ገጀራህን እጠብ ብዬህም ነበር። አልሰማኸኝም።

እንደ ልጅ አታባብዪኝ ስላልከኝ አላባብልህም። አጥፍተሃል።

ይቅር ብዬሃለሁ።

ልጅህ